ከጊልቦዓ የወረደው ስጦታ

ባለፈው ሳምንት ዬዲዲያን የተውነው በእስራኤሏ ናታንያ ከተማ፣ ኢር ያሚም በሚባለው ሰፈር፣ የአንድ ረጅም ሕንፃ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሸሚዙን ተኩሶ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ትልቅ ስጦታ ታቅፎ፣ የአቪጋይልን ወላጆች በር ደወል ሊጫን ጣቱን እንደዘረጋ። “ምነው ልጁን ሳምንት ሙሉ በር ላይ ገተርሽው!” ብላችሁ የወቀሳችሁኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ዛሬ ይገባል። መግባቱ ይሻል ነበር ወይስ አለመግባቱ፣ እናንተው ትፈርዳላችሁ።

ለአዲስ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። ዬዲዲያ የአሳንሰር ጠጋኝ ነው። አቪጋይል ናታንያ ተወልዳ ያደገች የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ናት፤ የሰው ጉልበትና ወገብ እያሸች የምታድን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ። አምና በክረምት የሕንፃቸው አሳንሰር አርባ ደቂቃ ዘግቶባት ያወጣት እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ያ አሳንሰር በወር ሁለት ጊዜ ይበላሽ ጀመር። ማን እንደሚያበላሸው እኔ አልናገርም።

አባቷ አቶ ውበቱ በወጣትነታቸው የሱዳንን በረሃ በእግራቸው አቋርጠው ከገቡት ቤተ እስራኤላውያን አንዱ ናቸው። የዬዲዲያ ቤተሰብ የመጣው ግን ከሃያ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው፤ አያቱ ጎንደር ሳሉ ተጠምቀው ነበርና። ቤተሰቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት ተመልሷል፤ ራቢዎቹም ተቀብለውታል። ያልተቀበሉት አቶ ውበቱ ናቸው። “እኛ ስንሰደብ ኖረን ሃይማኖታችንን አልሸጥንም፤ እነሱ ሸጡ” ይላሉ፣ ነገሩ በተነሣ ቁጥር። ስለዚህ የዛሬው ጉብኝት ለልጆቹ የሞት ሽረት ነው። ሰውየው ከወደዱት ሽማግሌ ይላካል፤ ካልወደዱት አቪጋይል ከአባቷና ከምትወደው ሰው አንዱን ልትመርጥ ነው።

አሁን ስጦታው ውስጥ ያለውን እንድታውቁት ሦስት ሳምንት ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ ወደ ጊልቦዓ ተራራ።

ወሩ መጋቢት፣ ያ ሐምራዊ አበባ ተራራው ላይ የሚፈነዳበት ጊዜ ነበር። አቪጋይል “ቲዩል ካልሄድን እሞታለሁ” ብላ ዬዲዲያን በማለዳ ከናታንያ ጎትታ አወጣችው። እዚህ አገር ሰው ያለ አንዳች ጉዳይ ተራራ ለተራራ ሲዞር ቲዩል ይሉታል። የዬዲዲያ አባት “ከብት ጠፍቶብህ ነው?” ብለው ስቀውበታል።

በአንድ ጠባብ ሸለቆ ሲወርዱ ጉም ነበር። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። ድንገት ድንጋይ ተንከባለለ። አቪጋይል ቀና ስትል ከሃያ እርምጃ የማይርቅ ቋጥኝ ላይ አውሬ ቆሟል። ከትልቅ ውሻ ይበልጣል፤ ከፊቱ ከፍ ከኋላው ዝቅ ያለ፣ ጎኑ በጥቁር ሸንተረር የተሰመረ፣ ከአንገቱ እስከ ጭራው ጋማው የቆመ። በአፉ የፍየል እግር ይዟል። ከኋላው ደግሞ አነስ ያለ ሌላ ብቅ አለ።

“ጻቡዓ” አለች በሹክሹክታ። በዕብራይስጥ ጅብ ማለቷ ነው። በአገሩ የቀረው ጥቂት ስለሆነ ዕድሜውን ሙሉ ተራራ ሲወጣ ኖሮ አንድም ቀን ሳያየው የሚያረጅ ብዙ ነው።

“አትሩጪ” አላት ዬዲዲያ። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር።

“ማን ይሮጣል? ዬዲ፣ እንዴት ያምራል!” ቀስ ብላ በርከክ አለች። ጅቡ አያት፤ እሷም አየችው። እንደ ልጅ ሳቀችለት። ያን ጊዜ ዬዲዲያ ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶ ብቻ አነሣ። ትልቁ አውሬ ሳይቸኩል ፊቱን አዞረ፤ ትንሹ ተከተለው፤ ሁለቱም ጉሙ ውስጥ ገቡ።

ዞር ስትል የዬዲዲያ ዓይን እንባ ሞልቷል።

“ፈራህ! ሃያ ፎቅ ላይ በገመድ የሚንጠለጠል ወንድ ጅብ ፈራ!”

“ነፋሱ ነው” አላት።

ነፋስ አልነበረም። እሷም ነፋስ እንዳልሆነ ገምታለች፤ ግን አልጠየቀችውም። እጁን ያዘችው። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መኪናው ዘንድ እስኪደርሱም አልተወውም። ስለምን እንደሆነ ሳታውቅ ልቧ አብሮት ሲሸበር ዋለ።

“ለአባትሽ ምን ይዤ ልምጣ?” ሲላት “ይህን ፎቶ!” ያለችው እሷ ናት። ዬዲዲያ ፎቶውን ከስልኩ ከፍቶ ደጋግሞ አየው። ከዚያ “ይሁን፤ ይዩት” አለ። አሳተመው፤ በመስታወት አስገባው። እነሆ አሁን አቶ ውበቱ ሳሎን ውስጥ ወረቀቱ እየተቀደደ ነው።

አቶ ውበቱ ፎቶውን አዩ። ሴት ልጃቸው ተንበርክካለች። ፊት ለፊቷ ጅብ ቆሟል። ሁለቱ ይተያያሉ።

መስታወቱን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፉት። እናቷ ወይዘሮ አገኘሁሽ የያዙትን ሰሃን አስቀምጠው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

“ልጄ” አሉ አቶ ውበቱ ወደ ዬዲዲያ እያዩ፣ ድምፃቸው ሳይጮህ፤ “ዕቃህን ይዘህ ውጣልኝ።”

“አባ! ማ ካራ? ምን ሆንህ? የመረጥሁት እኮ እኔ ነኝ!”

“አንቺ አታውቂም። እሱ ያውቃል። ጠይቂው።”

ዬዲዲያ ፎቶውን አነሣ፤ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ፤ ወጣ። አቪጋይል ልትከተለው ስትል እናቷ ክንዷን ይዘው ወደ መኝታ ቤት አስገቧት።

“ጎንደር ሳለን ቡዳ ይሉን ነበር” አሏት ወይዘሮ አገኘሁሽ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው። “ቀን ሰው፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናሉ ይሉን ነበር። ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ስለሆንን። የሰው ልጅ ከታመመ እነሱ በሉት፣ ላም ከሞተች እነሱ በሏት። ያ ስም ነው ከአገር ያስወጣን፣ ልጄ። አሁን አንቺን ከጅብ ጋር አስተያይቶ በመስታወት አድርጎ አመጣው።”

“ለምን አልነገራችሁኝም?”

“እንዳትሰሚው ብለን እኮ ነው እዚህ የወለድንሽ።”

አቪጋይል እየሮጠች ወጣች። ዬዲዲያ አሳንሰሩ ፊት ቆሞ ነበር፤ ፎቶውን ደረቱ ላይ አጣብቆ።

“ታውቅ ነበር? ጅብ ለእኛ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ታውቅ ነበር?”

አስተባብሎ ቢሆን ኖሮ ታምነው ነበር። ይህ ልጅ ግን መዋሸት አይችልበትም። “አውቅ ነበር” አለ። “አቪጋይል፣ ግን ስሚኝ…”

“እያወቅህ አስመረጥኸኝ! በእጄ አባቴን አሰደብኸው!”

የአሳንሰሩ በር ተከፈተ። አንድ ጎረቤት ከነውሻው ወጣና በመሐላቸው አለፈ። ዬዲዲያ ገባ፤ በሩ ተዘጋ። አቪጋይል የሚወርዱትን ቁጥሮች እያየች ቆመች፤ ዜሮ ሲደርስ ወደ ላይ ተመልሶ ይመጣል ብላ ጠበቀች። አልመጣም። ያን ዕለት ሁለቱንም እኩል ጠላቻቸው፣ የሚወዳትንም የወለዳትንም፤ ከሁሉ አብልጣ ግን ምንም ሳታውቅ የሳቀችውን ራሷን።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ምን ልበላችሁ! መቀመጥ አቃታት። የሰው ጉልበት እያሸች ስንት ጊዜ እንዳሸች ይጠፋባታል። ከሥራ ስትወጣ ከመሀል ከተማው አደባባይ እስከ ባሕሩ ገደል ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ትሄዳለች። ካፌ ገብታ ቡና ታዛለች፤ ሳይመጣላት ተነሥታ ትወጣለች። የዬዲዲያን ስልክ አታነሣም፤ ሳይደውል ሲቀር ደግሞ ትናደዳለች። ቤት ውስጥ አባቷ ከሷ ጋር አይነጋገሩም፤ እሷም አትነጋገርም። እናቷ በሁለቱ መሐል “እራት ቀርቧል” እያሉ መልእክተኛ ሆኑ። አሳንሰሩም እንደ ተአምር ተሻለውና አንድ ቀን እንኳ አልቆመም።

ሐሙስ ዕለት የፖስታ ሣጥናቸው ውስጥ ደብዳቤ አገኘች። ቴምብር የለውም፤ በእጅ የተጣለ ነው። ላዩ ላይ በአማርኛ ፊደል ተጽፏል። አቪጋይል ደግሞ አማርኛ ትናገራለች እንጂ አታነብም፤ እዚህ የተወለዱት አብዛኞቹ እንዲሁ ናቸው። ከፍታ በስልኳ ለማስተርጎም ሞከረች። የዬዲዲያ የእጅ ጽሑፍ ለስልክም የሚነበብ አይደለም፤ “ማረሻ” እና “ዳቦ” የሚሉ ሁለት ቃላት አውጥቶ ዝም አለ። ማረሻና ዳቦ! እናቷ ማንበብ አይችሉም። ጓደኛ እንዳትጠይቅ የቤት ጉድ ነው። ደብዳቤውን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ዋለች፤ ትራሷ ሥር አድርጋ አደረች። ለማን እንደተጻፈ እንኳ አታውቅም። በቤቱ ያን ፊደል የሚያነብ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ያኮረፈችው ሰው ነው።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ሚርፔሴት ወጣች፤ በረንዳው ማለት ነው። አቶ ውበቱ ባሕሩን እያዩ ተቀምጠዋል። ደብዳቤውን ጉልበታቸው ላይ አኖረችው።

“አባ፣ ማንበብ አልችልም። አንብብልኝ።”

ፖስታውን አዩ። “ለእኔ ነው የተጻፈው። አልፈልገውም።”

“እሺ፤ አንተ አትፈልገው። እኔ እፈልጋለሁ። ለእኔ አንብብልኝ።”

አቶ ውበቱ ለማንም እንቢ ይላሉ፤ ለአቪጋይል ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ቶሎ አይሆንላቸውም። መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀቱን ከፖስታው አወጡት። እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡ ጀመር።

“ይድረስ ለተከበሩ አቶ ውበቱ። ይህን የምጽፈው ይቅርታ ለመለመን እንጂ ልጅዎን ለመለመን አይደለም። ጅብ ምን እንደሆነ አላውቅም ብዬ አልዋሽዎትም። አያቴ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ማረሻ ይሠሩ ነበር። የተጠመቁት ልጆቻቸው በዚያ ስም እንዳይጠሩ ብለው ነው። ከተጠመቁ በኋላ አዲስ ስም ተሰጣቸው፤ ጎረቤት ግን የድሮውን አልተወም። እኔ ራሴ ጎንደር ትምህርት ቤት ሳለሁ ዳቦዬን ይዤ ስቀመጥ ልጆቹ ዓይኔን ፈርተው ምግባቸውን በደብተር ይሸፍኑ ነበር…”

አቶ ውበቱ አቆሙ። “እሱንም?” አሉ፣ ወረቀቱን የሚጠይቁ ይመስል። “ከተጠመቁም በኋላ?”

“ቀጥል፣ አባ።”

“ጊልቦዓ ላይ አውሬውን ሳየው ከእሱ ጋር የሚያየኝ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ ዞር ዞር አልሁ። አቪጋይል ግን አልደነገጠችም፤ አላፈረችም። እንደ ማንኛውም ውብ ፍጥረት አየችው፤ ሳቀችለት። ከእኛ ወገን ጅብን እንደዚያ ያየ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። እርስዎ ያን ሁሉ በረሃ በእግርዎ የመጡት ለዚህ ነው ብዬ አለቀስሁ። ፎቶውን የመረጠችው እሷ ናት፤ የተስማማሁት ግን እኔ ነኝ። የድካምዎን ፍሬ እንዲያዩት ብዬ ነበር። እኔን ደስ ያሰኘኝ እርስዎን እንደሚያቆስል ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብሁም። በዚህ…”

ከዚህ በኋላ ያለው አልተነበበም። አቶ ውበቱ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ያዙ። አቪጋይል እግራቸው ሥር ተቀመጠች።

“ዘጠኝ ዓመቴ ነበር” አሉ ቆይተው። “የጎረቤት ልጅ ታመመ። እናቴን ከቤት ጎትተው ወሰዷት። የበላሽውን መልሺ፣ እንትፍ በይበት አሏት። እንቢ አለች፤ መቷት። በመጨረሻ እንትፍ አለች። ልጁ በሦስተኛው ቀን ዳነ። ከዚያ ወዲህ፣ እንትፍ ስላለች ነው የዳነ፣ እንግዲያ ቡዳ ነበረች ማለት ነው ብለው ጨርሶ አረጋገጡብን። ይህን ለእናትሽም ነግሬያት አላውቅ።”

አቪጋይል ጉልበታቸውን አቀፈች። ነፋስ ነው ያላት ልጅ ተራራው ላይ ስለ ምን እንዳለቀሰ አሁን ገባት፤ የአሳንሰሩ በር ሲዘጋ ያላስጨረሰችው ቃልም አንገበገባት።

አቶ ውበቱ ድንገት ተነሡ። “የዚህ ልጅ የዬዲዲያ አባት የት ነው የሚውል?”

“ሹክ ውስጥ፣ ገበያው። አትክልት ቤት ነው የሚሠሩት።”

“ሳይዘጋ እንሂድ።”

“ኧረ ውበቱ!” አሉ ወይዘሮ አገኘሁሽ ከውስጥ። “የሴት ልጅ አባት ተነሥቶ ወደ ወንዱ ቤት ይሄዳል እንዴ? ነውር አይደለም?”

“ጫማዬን አቀብይኝ። ባይሆን አንቺም ነይ።”

ዓርብ ቀን የናታንያ ገበያ ሊዘጋ ሲል አይታችሁት ከሆነ ታውቁታላችሁ። ሻጩ ቲማቲሙን በግማሽ ዋጋ ይጮኽበታል፤ ወለሉ በውሃ ይታጠባል፤ ሰው ሁሉ “ሻባት ሻሎም”፣ መልካም ሰንበት፣ እየተባባለ ይጋፋል። አቶ ጥሩነህ፣ የዬዲዲያ አባት፣ ባዶ ሣጥን ይደረድሩ ነበር። ዬዲዲያ መጥረጊያ ይዟል። አቪጋይልን ሲያይ መጥረጊያው ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ልትጠጋው ፈለገች፤ አባቷ ፊት ግን አልደፈረችም። ጎመን በተቆለለበት መደብ ማዶና ማዶ ቆመው ተያዩ። በመንገድ ላይ የተዘጋጀችበት የይቅርታ ንግግር ሁሉ ጠፋት።

አቶ ጥሩነህ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ እስከ ወገባቸው ጎነበሱ። “አንቱ እዚህ ድረስ! ምን አጠፋን?”

“ጥፋት አይደለም” አሉ አቶ ውበቱ። “ዘር እንድንቆጥር መጣሁ።”

አቶ ጥሩነህ ሽርጣቸውን ፈቱ። በቤተ እስራኤል ወግ፣ ወንድና ሴት ከመጋባታቸው በፊት የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች የአያት የቅድመ አያት ስም ወደ ላይ ይቆጥራሉ። ሰባት ቤት መራቅ አለባቸው። ዘር የሚቆጠረው ደግሞ ከወገን ጋር ነው፤ ከባዕድ ጋር ምን ይቆጠራል? አቶ ውበቱ በዚያች አንዲት ቃል ሃያ ዓመት የነፈጓቸውን ሰጧቸው።

ዬዲዲያ ግን ፊቱ አመድ ሆነ።

“ምነው? ደስ አይልም?” አለችው አቪጋይል በመደቡ ላይ ጎንበስ ብላ።

“እስከ ሰባተኛው ድረስ ከተገናኘን አበቃ” አላት። “ያኔ አባትሽ ቢፈቅዱም አይሆንም። እህትና ወንድም ነን ማለት ነው።”

እስካሁን የፈራችው የአባቷን ቁጣ ነበር። ቁጣ ይበርዳል፤ ደም ግን አይለወጥም። እግሯ ውሃው ውስጥ እንዳለ እንኳ አልታወቃት።

ሁለቱ አባቶች የላስቲክ ሣጥን ገልብጠው ተቀመጡ። ወይዘሮ አገኘሁሽ በእናት በኩል ያለውን ቀድመው ቆጠሩ፤ የትም አልተገናኘም፤ አገሩም የተራራቀ ነበር። ከዚያ የአባቶች ተራ ሆነ። አቶ ውበቱ ከራሳቸው ጀምረው ጣታቸውን እያጠፉ ወደ ላይ ሄዱ፤ አቶ ጥሩነህም ስም በስም ይመልሱላቸዋል።

“ይህን ሁሉ ማን አስተማረህ?” አሏቸው አቶ ውበቱ አራተኛው ላይ።

“አባቴ። ከተጠመቀም በኋላ በር ዘግቶ ያስቆጥረን ነበር። የረሳን ዕለት እራት የለም።”

አቶ ውበቱ አንድ ጣት አጠፉ። አምስት አሉ። አልተገናኘም። ስድስት። ባለመደቡ “በሉ፣ ተነሡ ልዝጋ!” ብሎ በዕብራይስጥ ጮኸ፤ ማንም አልሰማውም። አቪጋይል የአባቷን ጣት እንጂ ሌላ አታይም። ዬዲዲያ ደግሞ እሷን እንጂ ሌላ አያይም፤ ለመጨረሻ ጊዜ የሚያያት ይመስል።

“ሰባት። አያሌው” አሉ አቶ ውበቱ።

“ሰባት። ተሰማ” አሉ አቶ ጥሩነህ።

ነጻ ናቸው! ዬዲዲያ መደቡን ተደገፈ። አቶ ጥሩነህ ግን አላቆሙም። “አንድ ልጨምር? አባቴ ስምንት ነው ያስያዘን። የተሰማ አባት ረታ ነው።”

አቶ ውበቱ እጃቸው ባለበት ቀረ። “የትኛው ረታ?”

“ቀጥቃጩ። የሰቀልት ሰው። መዶሻ ግራ አውራ ጣቱን የጨፈለቀው።”

“አያሌውን የወለደው ረታ?”

“አያሌውንና ተሰማን፣ አዎ።”

አቶ ውበቱ ከሣጥኑ ላይ ተነሡ። ቁመታቸው ያጠረ መሰለ። አቶ ጥሩነህን በሁለት እጃቸው ትከሻቸውን ይዘው አዩአቸው፤ ግንባራቸውን፣ አገጫቸውን።

“አርባ ዓመት ሙሉ” አሉ፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ፤ “አርባ ዓመት ሙሉ የሰደብሁት የገዛ ቤቴን ነው።”

እዚያው ጎመኑ ፊት አንገት ለአንገት ተቃቅፈው አለቀሱ። ወይዘሮ አገኘሁሽ በነጠላቸው ጫፍ የሁለቱንም ፊት ይጠርጋሉ። ውሃ የሚረጨው ሰው ቱቦውን ዘግቶ ቆመ።

አቪጋይል መደቡን ዞራ ዬዲዲያ አጠገብ ደረሰች። ይቅርታ ልትለው ነበር። “ስምንት” የሚለው ቃል ብቻ ከአፏ ወጣ።

“ስምንት” አላት እሱም፤ ከዚህ የተሻለ የፍቅር ቃል በሁለቱም ቋንቋ አላገኘም። በአንድ ስም ልዩነት ብቻ እንደተረፉ ሁለቱም ያውቁት ነበር፤ እጇን ሲይዛት፣ አሁን የምትንቀጠቀጠው እሷ ነበረች።